የወለል ቁራጭ

አውቶቡሱ ከሃይፋ ወደብ ተነሥቶ ካርሜልን ሲወጣ
አንዴ ባሕር ያሳየኛል፣ አንዴ በረንዳ ላይ የተሰጣ
አንሶላ፤ ደግሞ ባሕር፤ ደግሞ ያው አንሶላ ከላይ ሲታይ።
ልጅ ሳለሁ ያናድደኝ ነበር፦ «ቀጥ ብሎ አይወጣም ወይ?»

እናቴ ግን በደረጃው፣ ዘንቢሏን ይዛ ቀጥ ብላ፤
«የሚጠማዘዝ» ትላለች፣ «ወይ ሰካራም ነው ወይ ተላላ።»

እንግዲያው ተላላዋ እኔ ነኝ።

ከወታደርነት ስመለስ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገባሁ፣
ከእንፋሎቱ መሐል ቆሜ ሁለት ዓመት አንሶላ አጠፍሁ።
ሥዕል ያስተማረኝ የለም። ጨርቅ ግን ሲወድቅ አይቻለሁ፣
ጥላው በየትኛው እጥፋት ገብቶ እንደሚተኛ አውቃለሁ።
ያን ጊዜ «ትምህርት ነው» ብትሉኝ ወገቤን ይዤ እስቅ ነበር፤
ወገቤ ራሱ ያመኝ ነበር።

አባቴ ስልክ ይደውላል፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፦
«ደረስሽ ወይስ ገና ነሽ?»
«ገና ነኝ» እላለሁ፣ «አባባ።»

ቀጥሎ የገበያ ማዕከል በር፤ ጥበቃ፤ ቦርሳ መፈተሽ፤
«ክፈቺልኝ... እግዜር ይስጥልኝ... እለፊ» ስል ቀኑ ሲመሽ
ፊት አላስታውስም፣ እጅ እንጂ፦ ቀለበት ያነቀው ጣት፣
ከረሜላ የደበቀ ጡጫ፣ የዓሣ ሻጩ መዳፍ ስንጥቃት።
በተረኛ መዝገቡ ጀርባ አንድ በአንድ ስሥል አገኘኝ
አለቃዬ፤ ከነእርሳሴ በዚያው ማታ አሰናበተኝ።
ሥራው ይቅር። እጆቹን ግን ሳይመልስልኝ ቀረ፤ እሱ ቆጨኝ።

የሥዕል ትምህርት ቤቱ ሁለቴ «እናዝናለን» ብሎ ጽፎልኛል፤
ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ስሜን እንኳ አሳስቶታል።

ከዚያ ግሪሻ፣ የወለል ንጣፍ ነጋዴው፤ ታችኛው ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፤
ሊኖሌም በየጥቅሉ ተኝቶ እንደ ጠገበ ዘንዶ።
እኔ በቢላ እቆርጣለሁ፣ ለማልገባበት ወጥ ቤት፣
ለማልራመድበት ኮሪደር፤ ሌላው ሰው ለሚደንስበት።
«ደረስሽ ወይስ ገና ነሽ?»
«ገና።» ዝም አለ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ አወራኝ፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ።

አንድ ማታ ከቁራጩ ላይ በቢላዬ ጫፍ ስሜን ቀረጽሁ፤
የጫማ ቀለም ቀባሁና በካርቶን ላይ ተጫንሁ።
«ብርዛፍ» ፊቷን አዙራ ወጣች፣ እንደተኳረፍን ሁሉ።
ግሪሻ ሻዩን ይዞ መጣ፤ አየ፣ ሳቀ፣ ሳል አነቀው፦
«ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ከፈለግሽ፣ ገልብጠሽ ነው የምትቀርጪው!»

ያን ሌሊት ፊደሌን በሙሉ በጀርባው አጠናሁት።
አማርኛዬ እንደ ዕብራይስጡ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፤
ዕድሜዬን ሲገፋፋ የኖረ ሁለት ቋንቋ
ባንድ ቁራጭ ወለል ላይ ተዋደደ።

አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለልጆች መጽሐፍ እቀርጻለሁ፤
ኪራይ ዘንድሮም ዘግይቷል፣ አከራዬን በደረጃ እሸሻለሁ።
በማትመው ገጽ ላይ ግን፣ አንሶላ ቢሰጣ የዚያ የእንፋሎት ቤት ነው፤
እጅ ቢዘረጋ የዚያ በር። «ይህን መዳፍ ከየት አመጣሽው?»
ይሉኛል። ከየት ብዬ ልንገራቸው?

አንዲት ተማሪ ትናንት «አቋራጩ የትኛው ነው?» አለችኝ ደብተር ዘርግታ፤
«አላውቅም» ስላት ዘጋችው፣ ቅር ብሏት፣ ቆይታ ቆይታ።
ባውቀውስ? እነግራት ነበር ይሆናል። እኔም ያኔ ብነገር
በዚያው እሮጥ ነበር መሰለኝ፣ እጆቹን ሳላይ፣ ያለ ቁምነገር።

ዛሬ ዓርብ ነው። አውቶቡሱ ይዞራል። ጥቅሉ ጭኔ ላይ ተኝቷል።
ባሕር፤ አንሶላ፤ ባሕር። ያው አንሶላ፣ በሦስተኛው ዙር፣ ደርቋል።
ስልኩ ጮኸ።
«ደረስሽ ወይስ ገና ነሽ?»
«ገና ነኝ አባባ» አልሁት፣
«መስኮት አጠገብ ነኝ።»